አሜሪካን በብስክሌት አቋርጦ ቤት መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰመር ሲቃረብ ጥያቄው ይበዛል። ልጆቹ «እንዴት ልመዝገብ?» ይላሉ። ወላጆቹ ደግሞ «ይሄ ልጅ ምን ነካው?» ይላሉ። ለሁለቱም እዚህ ለመመለስ ሞክሬያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ምንድን ነው? ማንስ ጀመረው?

ወጣቶች በቡድን ሆነው ከአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ እስከ ምዕራብ ዳርቻ በብስክሌት ይሄዳሉ። ሁለት ወር ከዚያም በላይ ይፈጃል። ከመነሣታቸው በፊት ገንዘብ ያሰባስባሉ። መንገድ ላይ ደግሞ በየተወሰነ ቀኑ ብስክሌታቸውን አቁመው፣ መዶሻና የቀለም ብሩሽ ይዘው፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ቤት ሲሠሩ ይውላሉ።

ሐሳቡ ከተማሪዎች የመጣ ነው። በ1990ዎቹ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ቤት ለሚሠራው በጎ አድራጊ ድርጅት ለሀቢታት ፎር ሂዩማኒቲ ገንዘብ እያሰባሰቡ፣ ከኒው ሄቨን ተነሥተው አገር ያቋርጡ ነበር። ከዚያ ልምድ ባይክ ኤንድ ቢልድ የተባለው ድርጅት ተወለደ። የመጀመሪያዎቹ ቡድኖቹ በ2003 መንገድ ገቡ። እሱ በተለይ የወጣቶች ነበር። በ2008 ደግሞ ፉለር ሴንተር ፎር ሀውሲንግ የሚባለው ሌላ ቤት ሠሪ ድርጅት የራሱን የብስክሌት ጉዞ ጀመረ። እዚያ ጡረተኛም ይሳተፋል። መስመሩም ደንቡም በየዓመቱ ስለሚቀያየር፣ ዘንድሮ ማን በየት በኩል እንደሚሄድ ከየድርጅቱ ገጽ አረጋግጡ።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የቤት ችግር አለ እንዴ?

አገር ቤት ያሉ ዘመዶች ይህን ሲጠይቁ አይገርመኝም። እዚህ የሚኖር ሰው ግን መልሱን ያውቀዋል። በየወሩ መጀመሪያ ኪራይ ሲከፍል ያየዋል።

በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ፣ አንድ ቤት «አቅምን ያገናዘበ» የሚባለው ኪራዩ ወይም የብድር ክፍያው ከነመብራቱና ከነውሃው ከቤተሰቡ ገቢ 30 በመቶ ካላለፈ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሲያትል፣ በዴንቨር የሚኖሩ ታክሲ ነጂዎችን፣ የፓርኪንግ ሠራተኞችን፣ አረጋውያን ተንከባካቢዎችን ጠይቁ። ግማሽ ገቢውን ለቤት የሚያወጣው ብዙ ነው። በመላ አገሪቱ በጣም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተከራዮች ሊከፍሉት የሚችሉት ቤት ከ7 ሚሊዮን በላይ ይጎድላል። የመንግሥት የኪራይ ድጎማም ለሁሉም አይደርስም። መሥፈርቱን ከሚያሟሉት አራት ቤተሰቦች ድጎማውን የሚያገኘው አንዱ ገደማ ብቻ ነው። ሌሎቹ ለዓመታት ወረፋ ይጠብቃሉ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የጠበቀ ሰው ይህ ጥበቃ ምን እንደሆነ ይገባዋል።

ቤቱ በነፃ ነው የሚሰጠው?

አይደለም። ይህን ብዙ ሰው ይስታል።

ሀቢታትም ሆነ ፉለር ሴንተር ቤቱን በስጦታ አያድሉም። ቤተሰቡ ይመረጣል። ሲመረጥም የቤት ችግሩ፣ የመክፈል አቅሙና አብሮ ለመሥራት ያለው ፈቃደኝነት ይታያል። ከዚያ ቤተሰቡ ራሱ ጉልበቱን ያዋጣል። እንደየከተማው ቢለያይም በመቶዎች የሚቆጠር ሰዓት በራሱና በሌሎች ቤት ግንባታ ላይ ይሠራል። ቤቱ ሲያልቅ ዋጋውን አቅሙን ባገናዘበ ብድር በየወሩ ይከፍላል። የመሥራቾቹ ሐሳብ ትርፍም ወለድም የሌለበት ክፍያ ነበር። የሚመለሰው ገንዘብ ደግሞ ለሚቀጥለው ቤት ይውላል።

የዚህ ሐሳብ ታሪክ አፍሪካንም ያልፋል። ሚላርድ ፉለር የአላባማ ጠበቃና ነጋዴ ነበር። ገና 30 ዓመት ሳይሞላው ሚሊየነር ሆነ። ከዚያ ከባለቤቱ ከሊንዳ ጋር ሀብታቸውን አከፋፍለው፣ ጆርጂያ ውስጥ አሜሪከስ ከተማ አጠገብ ወዳለው ኮይኖኒያ ወደሚባል የክርስቲያኖች እርሻ ሄዱ። በኅብረት ሠርቶ ያለ ወለድ መክፈል የሚለው መንገድ እዚያ ተጠነሰሰ። ከ1973 ጀምሮ ባልና ሚስቱ በዛየር (በዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ)፣ በምባንዳካ ከተማ ሦስት ዓመት ያህል ሞከሩት። ተመልሰው በ1976 ሀቢታትን መሠረቱ። በ2005 ከሀቢታት ሲለዩ ደግሞ ፉለር ሴንተርን አቋቋሙ። የአሜሪከስ ጎረቤት የፕሌይንስ ሰው የነበሩት የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ከ1984 ጀምሮ መዶሻ ይዘው አብረው ሠርተዋል። 90 ዓመት ካለፋቸው በኋላ እንኳ አልተዉትም ነበር። ሀቢታት ወደ ኢትዮጵያም ገብቷል፤ ከ1993 ጀምሮ አገራችን ውስጥ ይሠራል።

ስንት ብር ማሰባሰብ ይጠበቅብኛል?

በሺዎች የሚቆጠር ዶላር። ባይክ ኤንድ ቢልድ ከእያንዳንዱ ተሳታፊ 4,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ይጠይቅ ነበር። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ግን ከአንድ ሰው አይመጣም። ከዘመድ፣ ከሥራ ባልደረባ፣ ከማኅበር፣ ከዕድር፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ሰው ሃያ ሃያ ዶላር እየተባለ ይሞላል።

አንድ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ነገር አለ። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛቸው ለበጎ አድራጎት የሰጠውን ያህል እነሱም ይጨምራሉ። የምትለምኑትን ሰው «መሥሪያ ቤትህ ይጨምራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። 50 ዶላሩ በአንድ ቅጽ 100 ሊሆን ይችላል። ድርጅቱ በሕግ የተመዘገበ በጎ አድራጊ ከሆነ ለጋሹ ደረሰኝ ያገኛል። ደረሰኙን ለታክስ ሊፈልገው ስለሚችል አትርሱ።

እንዲያው ብሩን በቀጥታ ብንሰጥ አይሻልም? ብስክሌቱ ምን ያደርጋል?

ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። በተለይ አባቶች ይጠይቁታል፤ ልክም ናቸው።

የሂሳቡን እውነት ላስቀድም። አንድ ወጣት 4,500 ዶላር ቢያመጣ ቤት አይሠራም። ዛሬ አንድ መለስተኛ ቤት ከ100,000 ዶላር በላይ ይፈልጋል። ከተሰበሰበው ላይም ለምግብ፣ ለመኪና፣ ለኢንሹራንስ የሚወጣ አለ። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ድርጅቱን በግልጽ ጠይቁት፦ ከ100 ዶላር ውስጥ ግንባታው ላይ የሚደርሰው ስንት ነው? ይህን ለመመለስ የሚያቅማማ ድርጅት ጋ አትሂዱ።

ታዲያ ለምን ጉዞውን እደግፋለሁ? አንደኛ፣ ብሩ ያለ ጉዞው አይመጣም ነበር። የሥራ ባልደረባችሁ ዝም ብሎ ለቤት ግንባታ 50 ዶላር አይልክም። እናንተን ስለሚያውቅ፣ የምታደርጉት ነገር ስለሚከብድ ግን ይልካል። ሰው የሚሰጠው ለሰው ነው።

ሁለተኛው ለእኔ ይበልጣል። እነዚህ ልጆች ማታ ማታ የሚያርፉት በትናንሽ ከተሞች ነው። ካንሳስ ውስጥ፣ ኬንታኪ ውስጥ፣ ማንም ቱሪስት በማይረግጥበት ቦታ። እራት የሚያበሏቸው ሰዎች «ለምንድን ነው የምትነዱት?» ይሏቸዋል። ወሬው ስለ ቤት ይሆናል። የትምህርት ቤት መምህር ተቀጥራ የምትከራየው ቤት ያጣችበት ከተማ አለ። ፋብሪካው ተከፍቶ ሠራተኛው የሚያድርበት የጠፋበትም አለ። የቤት ችግር የኒው ዮርክና የሳን ፍራንሲስኮ ብቻ የሚመስለው ሰው እዚያ ነው የሚማረው። አንዲት ሴት ልትገባበት ባለው ቤት ግድግዳ ላይ ከራሷ ጎን ቆሞ ቀለም የቀባ ልጅ ደግሞ፣ ስለ ድሃ ተከራይ ሲወራ እንደ ሌላው ሰው አይሰማም።

በዚህ ላይ ግን ጠንካራ አቋም አለኝ። የምትፈልጉት አገር ማየት ብቻ ከሆነ በራሳችሁ ገንዘብ ሂዱ። በጣም ጥሩ ነገር ነው። በድሃ ስም ገንዘብ ሰብስቦ የራስን ሽርሽር መሸፈን ግን አይገባም። በግንባታው ቀን ደክሞኛል ብሎ የሚቀር ሰው ባይሄድ ይሻላል።

ርቀቱ ምን ያህል ነው?

እንደ መስመሩ ነው። ከሁሉም የታወቀው፣ በ1976 የተከፈተው የትራንስአሜሪካ መስመር ከዮርክታውን ቨርጂኒያ እስከ አስቶሪያ ኦሪገን 4,200 ማይል ያህል ይሆናል። 6,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። በስተደቡብ፣ በፍሎሪዳና በሳን ዲዬጎ መካከል ያለው 3,000 ማይል ገደማ ነው። ቡድኖቹ በቀን በአማካይ 70 ማይል ያህል ይነዳሉ። በድሮው መንገድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አዳማን ትንሽ የማለፍ ያህል ነው፤ በማግስቱም እንደገና።

ሁሉም ሮኪ ተራራን ይፈራል። የኮሎራዶው ሁዢር ማለፊያ 3,518 ሜትር ነው፤ ከእንጦጦ ጫፍ በላይ። ግን የነዱት ሰዎች የሚያማርሩት በምሥራቅ ያሉትን አፓላቺያንና በመሐል ያለውን ኦዛርክን ነው። ከፍታቸው ትንሽ ነው፤ አቀበታቸው ግን ቀጥ ያለና ማለቂያ የሌለው ነው። የምዕራቡ መንገድ ረጅም ሆኖ ቀስ እያለ ይወጣል። ካንሳስ ደግሞ ሜዳ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ነፋሱ ፊት ለፊት ከመጣ ቀኑን ሙሉ አቀበት ነው። ኬንታኪ ላይ ውሾች ያባርራሉ፤ ይህንንም ቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው።

ስፖርተኛ አይደለሁም። እችላለሁ?

ከሦስትና አራት ወር በፊት ከጀመራችሁ፣ አዎ። ብዙዎቹ ተሳታፊዎች ረጅም መንገድ ነድተው የማያውቁ ናቸው። ከመነሻው ቀን በፊት 500 ማይል ያህል ልምምድ ማድረግ የተለመደ መለኪያ ነው። በ10 ማይል ጀምሩ። በየሳምንቱ ጥቂት ጨምሩ። ሁለት ቀን አከታትላችሁ መንዳትንም ልመዱ፤ ሰውነት የሚፈተነው በሁለተኛው ቀን ጠዋት ነውና።

ቨርጂኒያ ያላችሁ ከአርሊንግተን እስከ ፐርሰልቪል 45 ማይል የሚዘልቀው አስፋልት የብስክሌት መንገድ አለላችሁ። መኪና አይገባበትም። ሲያትል ያላችሁ በርክ ጊልማንን፣ ዴንቨር ያላችሁ ቼሪ ክሪክን ተጠቀሙ። የተበሳ ጎማ መቀየር፣ ፍሬን ማስተካከልና ሰንሰለት መመለስ ደግሞ ቤት ውስጥ ተማሩ። በዝናብ ውስጥ፣ መንገድ ዳር ቆሞ ለመማር አይመችም።

ልጄ በመኪና ይገጫል ብዬ እፈራለሁ።

ፍርሃቱ ተገቢ ነው። «ምንም አይሆንም» ብዬ ላባብላችሁ አልፈልግም። በእነዚህ ጉዞዎች ላይ ሕይወታቸውን ያጡ ወጣቶች አሉ። በ2015 ኦክላሆማ ውስጥ አንድ ተሳታፊ ተገጭቶ ሞቷል፤ አብራው የነበረችው ክፉኛ ተጎድታለች። ይህን ሳያውቁ መላክ አይገባም።

አደጋውን የሚቀንሱ ነገሮች ግን አሉ፤ ወላጅም የመጠየቅ መብት አለው። መስመሩን ማን አጠናው? መኪና የሚበዛበትን መንገድ ይሸሻል? ዝናብና ጭጋግ ሲመጣ ማን ነው «ቁሙ» የሚለው? መሪዎቹ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ሠልጥነዋል? ዕቃ የሚጭነው ቫን ምን ያህል ቅርብ ነው? ከሁሉም ኋላ የሚነዳ፣ ማንም ቀርቶ እንዳይጠፋ የሚጠብቅ ሰው ተመድቧል? ጥሩ ድርጅት ለእነዚህ ሁሉ የተጻፈ ደንብ አለው።

ከልጁ የሚጠበቀውም አለ። ሄልሜት ሳያወልቁ መንዳት፣ ከሩቅ የሚታይ ደማቅ ሰደርያ፣ በቀንም የሚበራ የኋላ መብራት፣ የኋላ መኪና የሚያሳይ ትንሽ መስተዋት። በጨለማ አለመንዳት። በጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ አለመስማት። በብዙ ክፍላተ ግዛት ሕጉ ሹፌር ብስክሌተኛን ሲያልፍ ቢያንስ 3 ጫማ፣ ማለትም አንድ ሜትር ያህል እንዲርቅ ያዛል። ስልክ እያየ የሚነዳ ሹፌር ግን ሕጉንም ብስክሌተኛውንም አያይም። ስለዚህ ሁላችንም፣ መሪ የጨበጥን ሁሉ፣ ስልኩን እናስቀምጥ። እዚያ መንገድ ዳር ያለው የሰው ልጅ ነው።

የጤና ኢንሹራንሱንም ቀድማችሁ አጣሩ። በተለይ ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ያለው ልጅ ከሚኖርበት ግዛት ሲወጣ፣ ከድንገተኛ ሕክምና በስተቀር ላይሸፈን ይችላል።

የት ያድራሉ? ሴት ልጄስ?

በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ በትምህርት ቤት ጂም፣ በከተማ የመሰብሰቢያ አዳራሽ፤ ወለል ላይ፣ በመኝታ ከረጢት። ሻወር የሚገኘው አንዳንዴ በከተማው መዋኛ ነው። ሴቶችም ወንዶችም አንድ ላይ ይጓዛሉ፤ ሴት መሪዎችም አሉ። ስለ ማደሪያው አደረጃጀት፣ ችግር ሲገጥም ለማን እንደሚነገር፣ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ልጅቷም ራሷ ትጠይቅ።

ጾም ላይ እሆናለሁ። ምን እበላለሁ?

የሐዋርያት ጾም የጉዞው መጀመሪያ ላይ፣ ፍልሰታ ደግሞ መጨረሻው ላይ ሊያጋጥም ይችላል። እንግዳ ተቀባዮቹ የሚያቀርቡት እራት አብዛኛውን ጊዜ ሥጋና ቺዝ ያለበት ነው። በቅንነት ነው የሚያበስሉት። ስለዚህ ለመሪዎቹ ቀድማችሁ «ሥጋም ወተትም እንቁላልም አልበላም» በሉ። ለሌሎች ቪጋኖችም ይዘጋጃል። ቀን ቀን ኦቾሎኒ ቅቤ፣ ሙዝ፣ አጃ፣ ባቄላ በየሱቁ ይገኛል።

ከቤት የሚያዝ ስንቅ ደግሞ አለን። በሶ ቀላል ነው፤ አይበላሽም፤ በውሃ ይበጠበጣል። ጨው ጣል ካደረጉበት ለሙቀት ቀን ይስማማል። ቆሎም ኪስ ውስጥ ይገባል። ቀኑን ሙሉ ሳይበሉና ሳይጠጡ 70 ማይል መንዳት ግን ለሕይወት ያሰጋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ከመነሣቱ በፊት ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር።

ዜጋ አይደለሁም፤ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ።

አገር ውስጥ ስለሆነ መጓዝ ትችላላችሁ። ካርዳችሁን ግን ያዙ። ዕድሜያቸው 18 የሞላ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች መታወቂያቸውን እንዲይዙ ሕጉ ያስገድዳል። በተለይ የደቡቡ መስመር በአሪዞና፣ በኒው ሜክሲኮና በቴክሳስ ለሜክሲኮ ድንበር ቅርብ ስለሆነ የድንበር ጠባቂዎች ኬላ ያጋጥማል። ወደ ካናዳ የሚሻገር መስመር ካለ ደግሞ ለመግባት ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ ቀድማችሁ አጣሩ።

ግንባታ አላውቅም።

ማንም አይጠብቅባችሁም። ቦታው ላይ የሚያሳይ ባለሙያ አለ። ቀለም መቀባት፣ እንጨት መቁረጥ፣ ሚስማር መምታት፣ ቆሻሻ ማውጣት ነው።

ሥራ አለኝ፣ ልጆችም አሉኝ። ሁለት ወር መሄድ አልችልም።

በፉለር ሴንተር ጉዞ ላይ መስመሩን ሙሉ ሳይሆን ጥቂት ሳምንት ብቻ የሚነዱ አሉ። ከዚያም ያነሰ ማድረግ ይቻላል። ቡድኑ በከተማችሁ የሚያልፍ ከሆነ አንድ ማታ እራት አብሉ። ቀኑን ሙሉ የነዳ ልጅ እንጀራ በምስር ወጥ ሲቀርብለት ምን ያህል እንደሚበላ ታያላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በአካባቢያችሁ ያለው ሀቢታት ጋ ሄዳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ለዚህ ብስክሌት አያስፈልግም።

ጉዞው ካለቀ በኋላስ?

በእኔ እይታ ዋናው ሥራ ይህ ነው። የ7 ሚሊዮን ቤት ጉድለት በመዶሻና በበጎ ፈቃደኛ አይሞላም። ምን ዓይነት ቤት የት እንደሚሠራ የሚወስነው የከተማው ምክር ቤት ነው። በብዙ የአሜሪካ ሰፈሮች ሕጉ በአንድ መሬት ላይ ከአንድ ቤተሰብ መኖሪያ በላይ መሥራት ይከለክላል። ሚኒያፖሊስ በ2018 ይህን ለመቀየር ወሰነች። ኦሪገን በ2019 በግዛት ደረጃ ተከተለች። እነዚያ ውሳኔዎች የተላለፉት ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተነሥተው ስለተናገሩ ጭምር ነው።

ለእኛ ሰው ቅርብ የሆኑ ምሳሌዎችም አሉ። ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ትልልቅ የቤት ግንባታ የሚያካሂዱ ኩባንያዎች ከቤቶቹ የተወሰነውን በመካከለኛ ገቢ ሊገዛ ወይም ሊከራይ በሚችል ዋጋ እንዲያቀርቡ ሕግ ያስገድዳቸዋል። እዚያው ለዓመታት እየኖረ ማመልከት እንደሚቻል ያልሰማ ብዙ ነው። በሲያትል ደግሞ የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ከአንድ ቤት አልሚ ድርጅት ጋር ተባብሮ ለአረጋውያን 90 ያህል ቤቶች ያሉት ኢትዮጵያን ቪሌጅን ሠርቷል። ብስክሌተኞቹ ሲያትል ሲደርሱ ሄደው ቢያዩት እመኛለሁ።

ስለዚህ ከጉዞ የተመለሰ ልጅ በሰፈሩ የቤት ጉዳይ ላይ የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ቀን መቼ እንደሆነ ይጠይቅ። ቀድሞ ይመዝገብ። ለአንድ ተናጋሪ የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ያየውን አንድ ቤተሰብ ታሪክ፣ ከፈቀዱለት፣ ይናገርበት። እናቱን አባቱንም ይዞ ይሂድ። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው ከሆነ አስተርጓሚ ቀደም ብሎ ይጠየቅ። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 በወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት፣ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።